ከማሽኑ አጠገብ የቆሙት ሴቶች

ለንደን፣ 1836

ማርጋሬት ካርፔንተር የተባለች እንግሊዛዊት ሠዓሊ በ1836 የአንዲት የ20 ዓመት ባለትዳር ምስል ሥላ ጨረሰች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሥዕሉ ላይ ያለችው ወጣት ረጅም የክብር ቀሚሷን ለብሳ በቁሟ ትታያለች። የባለቅኔው የሎርድ ባይረን ልጅ አዳ ናት። ሥዕሉ ገና እየተሠራ ሳለ ለሰው በጻፈችው ደብዳቤ ሠዓሊዋ ሰፊውን መንጋጋዋን ለማሳየት ቆርጣ እንደተነሳች ነግራ፣ እዚያ መንጋጋ ላይ «ሒሳብ» የሚል ቃል ቢጻፍበት ይገባ ነበር ብላለች።

የተናገረችው በቀልድ ነው፤ እኔ ግን ይህን ባነበብኩ ቁጥር እውነቱ ይከብደኛል። ሸራው ስለ አንገቷ፣ ስለ ትከሻዋና ስለ ቀሚሷ እጥፋት ብዙ ይናገራል። ከልጅነቷ ጀምሮ በመምህራን እየተረዳች ስታጠናው ስለኖረችው ሒሳብ ግን አንድ ነገር አይናገርም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1843፣ አዳ ቻርልስ ባቤጅ ስለነደፈው «አናሊቲካል ኤንጂን» ስለተባለ የስሌት ማሽን በፈረንሳይኛ የተጻፈ ጥናት ወደ እንግሊዝኛ መለሰች። ከትርጉሙ ጋር ያያዘችው ማብራሪያ ከዋናው ጽሑፍ ሦስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ማሽኑ የቤርኑሊ ቁጥሮችን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያሰላም በሰንጠረዥ አስቀምጣለች፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሉት ይህንን ነው። ማሽኑ ከቁጥር አልፎ ሙዚቃ ሊያቀናብር ይችል ይሆናል ብላ ያሰበችውም እዚያው ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲታተም ግን ሙሉ ስሟ አልወጣም፤ የተቀመጠው ኤ. ኤ. ኤል. የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ነበር።

ሥዕሉ ፊቷን ያለ ሥራዋ አስቀረ፤ ጽሑፉ ደግሞ ሥራዋን ያለ ስሟ። ከዚያ ወዲህ በሙያው ውስጥ ያለፉ ብዙ ሴቶች የገጠማቸው ነገር በዚህ ክፍፍል ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሆሊውድ፣ 1938–1943

ቪየና የተወለደችው ሄድዊግ ኪስለር ሆሊውድ ስትገባ ስሟ ሄዲ ላማር ሆነ። የፊልም ኩባንያዋ አለቃ ሉዊስ ሜየር «የዓለም ቆንጆ ሴት» እያለ አስተዋወቃት፤ በ1938 «አልጀርስ» የተባለው ፊልሟ ሲወጣ ሕዝቡም ማዕረጉን አጸደቀላት። ቀን ስቱዲዮ ትውላለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ካለው የንድፍ ጠረጴዛዋ ላይ ትቀመጣለች። የመጀመሪያ ባሏ የኦስትሪያ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ስለነበር በእራት ገበታ ዙሪያ ስለ መሣሪያ ሲወራ ብዙ ሰምታ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አንድ ጥያቄ ያዛት። ቶርፒዶን በሬዲዮ መምራት ይቻላል፤ ጠላት ግን የሬዲዮ ሞገዱን ካገኘው ያውከዋል፣ ቶርፒዶውም መንገዱን ይስታል። ታዲያ ላኪውና ተቀባዩ እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው እየዘለሉ ቢሄዱስ? ከሙዚቃ ደራሲው ከጆርጅ አንታይል ጋር ሆና መልሱን ከፒያኖ ወሰደችው። ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል አለው፤ ቀዳዳው በደረሰ ቁጥር አንድ ድምፅ ይመታል። ሁለት ተመሳሳይ ጥቅሎች አንዱ መርከቡ ላይ አንዱ ቶርፒዶው ውስጥ እኩል ቢዞሩ፣ የሚዘሉበት ሞገድም አንድ ይሆናል። ሞገዶቹን 88 አደረጓቸው፤ የፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ነው። ኦገስት 11፣ 1942 የፓተንት ቁጥር 2,292,387 ተሰጣቸው፤ ሰነዱ ላይ የሠፈረው በትዳር የያዘችው ስም፣ ሄዲ ኪስለር ማርኪ የሚል ነው።

የአሜሪካ ባህር ኃይል አልተቀበለውም። በጦርነት ጊዜ የሚወድቅ ሐሳብ ብዙ ነውና እምቢ መባሉ ብቻውን አያስከፋም። የሚያስከፋው አገሪቱ በምትኩ የጠየቀቻት ነገር ነው፤ ቁንጅናዋን ይዛ መድረክ ላይ ወጥታ የጦርነት ቦንድ እንድትሸጥ። ሸጠችም፤ ብዙ ገንዘብ አስገኘች። ፓተንቱ በ1959 ጊዜው አለፈ፤ ከእሱ ያገኘችው ገቢ አልነበረም። ሞገድ እየዘለሉ መላላክን ያሰቡ ሌሎችም ነበሩ፤ ሐሳቡ የእሷ ብቻ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ዛሬ ብሉቱዝ የሚሠራበት መንገድ ከዚያው ቤተሰብ ነው። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሸለማት በ1997 ነው፤ 82 ዓመት ሆኗት ነበር።

በዚያው ዘመን የቫሳር ኮሌጅ የሒሳብ መምህርት ግሬስ ሆፐር ለባህር ኃይል ተመዘገበች። ክብደቷ ከተወሰነው ልክ 7 ኪሎ ገደማ ስለሚያንስ በልዩ ፈቃድ ነበር የተቀበሏት። ያቺ ቀጭን መምህርት በኋላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚመልሱት ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች አንዱን ሠርታለች፤ ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በእሷ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ተወለደ። ከባህር ኃይሉ የተሰናበተችው በ1986 በሪር አድሚራል ማዕረግ ነው። ልዩ ፈቃዱን የፈረመው መኮንን በዚያ ቀን ሚዛኑን ብቻ ቢያይ ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል።

ፊላደልፊያ፣ ፌብሩዋሪ 1946

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሙር ምህንድስና ትምህርት ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የቆመ 30 ቶን የሚመዝን ማሽን ነበር። ስሙ ኤኒያክ ይባላል። ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኪዩም ቱቦዎች አሉት። የተሠራው የመድፍ ጥይት በአየር ላይ የሚሄድበትን መስመር ለአሜሪካ ጦር እንዲያሰላ ነው። ከእሱ በፊት ያንን ስሌት የሚሠሩት ሒሳብ የተማሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የሥራ መጠሪያቸውም «ኮምፒዩተር» ነበር። ቃሉ ከሰው ወደ ዕቃ የዞረው በኋላ ነው።

ከእነሱ መካከል ስድስቱ ለማሽኑ ተመረጡ፤ ኬይ መክነልቲ፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን። መማሪያ መጽሐፍ የለም፤ የፕሮግራም ቋንቋ የሚባል ነገርም አልተፈጠረም። መጀመሪያ ላይ የምሥጢር ፈቃድ ስላልነበራቸው ማሽኑ ያለበት ክፍል መግባት እንኳ አይችሉም ነበር። የሽቦ ንድፉ ተሰጥቷቸው ማሽኑን ከወረቀት ላይ ተማሩት። ፈቃዱ ሲመጣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ እያዞሩ፣ ወፋፍራም ገመዶችን እየነቀሉና እየሰኩ ስሌቱን ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። በመንግሥት የሥራ መደብ ግን የተመዘገቡት ከሙያተኛ በታች ተብለው ነበር።

ማሽኑ ለሕዝብ ሊታይ አንድ ሌሊት ሲቀረው ፕሮግራሙ አስቸገረ። የጥይቱን ጉዞ በትክክል ያሰላል፤ ጥይቱ መሬት ከደረሰ በኋላ ግን ማቆም እምቢ ይላል፤ መሬት ውስጥ እየሰመጠ እንደሚሄድ ሁሉ መቁጠሩን ይቀጥላል። ጄኒንግስና ስናይደር እስከ ሌሊት ድረስ ቢፈልጉ ስህተቱን አጡት። ስናይደር ወደ ቤቷ ሄዳ ተኛች። መልሱ በእንቅልፏ መጣላት። በማግስቱ መጥታ አንዲት ማብሪያ ከነበረችበት አዛወረች፤ ማሽኑ በሚገባው ቦታ ቆመ። ጄኒንግስ ይህን የጓደኛዋን ሥራ እስከ እርጅናዋ ድረስ በአድናቆት ስታወራው ኖራለች።

ማሳያው ሠመረ። ጥይቱ ከአፈሙዝ ወጥቶ እስኪያርፍ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ኤኒያክ ሙሉ ጉዞውን በ20 ሰከንድ አሰላው። እንግዶች ተደነቁ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ካሜራዎች ብልጭ አሉ። ማታ የእራት ግብዣ ተደረገ። ስድስቱ አልተጠሩም። በፌብሩዋሪ ብርድ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ዘመን ከተረፉት ፎቶዎች አንዱ ላይ ጄኒንግስና ቢላስ ከዋናው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ፊት ይታያሉ፤ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በዘመኑ ወግ ተሠርተዋል። ፎቶዎቹ ሲታተሙ ከሥራቸው የሴቶቹ ስም አልተጻፈም። በዚያው ዓመት የወጣ የአሜሪካ ጦር የምልመላ ማስታወቂያ ደግሞ ከእነዚህ ፎቶዎች በአንዱ ሲጠቀም ሴቶቹን ቆርጦ አውጥቶ ወንዱን ወታደር ብቻ አስቀረ። ስም የሌለው ፊት እንዲህ ነው፤ ያየው ሁሉ የፈለገውን ስም ይሰጠዋል፣ ካልፈለገም ይቆርጠዋል። የፎቶውን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

«ስቲቭ» የሚል ፊርማ፣ 1962–1967

ስቴፋኒ ሸርሊ በ1939፣ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ ከናዚዎች ሸሽተው በባቡር እንግሊዝ ከገቡት አይሁድ ሕፃናት አንዷ ናት። በ1962 በ6 ፓውንድ ካፒታል ከቤቷ ሆና የሶፍትዌር ኩባንያ ከፈተች። ሠራተኞቿ ልጅ ሲወልዱ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ሴት ፕሮግራመሮች ነበሩ፤ ልጃቸውን እያሳደጉ ከቤት ይሠራሉ። ስልክ ሲደወል የሕፃን ለቅሶ እንዳይሰማ ከበስተጀርባ የታይፕ ድምፅ በቴፕ ታሰማ ነበር።

ሥራ ፍለጋ የላከቻቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ባሏ አንድ ምክር ሰጣት፤ «ስቴፋኒ» የሚለውን ትተሽ በቤት ስምሽ «ስቲቭ» ብለሽ ፈርሚ። መልሶች መምጣት ጀመሩ። ደንበኞቹ ሴት መሆኗን የሚያውቁት በር ላይ ስትደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጠሮው ተይዟል፣ መግቢያም ተገኝቷል። አዳ በሦስት ፊደላት ተሸፍና ነበር፤ ሸርሊ ደግሞ በአንድ የወንድ ስም በሩን ከፈተችበት። ቆየት ብሎ የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃን ፕሮግራም የሠራው የእሷ ኩባንያ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኮስሞፖሊታን የተባለው የሴቶች መጽሔት በኤፕሪል 1967 ስለ ኮምፒዩተር ሴቶች አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሙያው ለሴት በጎ እንደሆነ፣ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰች ሴት በዓመት 20,000 ዶላር እንደምታገኝ ይናገራል፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ግሬስ ሆፐርም ፕሮግራም መጻፍን እራት ከማሰናዳት ጋር አመሳስላ አብራርታበታለች፤ አስቀድሞ ማሰብንና ሁሉን በሰዓቱ ማድረስን ይጠይቃል ስትል። ጽሑፉ የተጻፈው በቅን ልቦና ይመስለኛል። ሆኖም በሙያው ውስጥ ወንድ ስለሚበዛ የትዳር ጓደኛ ለማግኘት እንደሚመችም ሳይናገር አላለፈም። ፕሮግራመሯ እንደገና የምትታይ ሴት ሆነች።

በዚያው ሰሞን ግን ከመጽሔቱ ይልቅ ብዙ የለወጠ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ1966 ካነንና ፔሪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥሩ ፕሮግራመር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ 1,378 ፕሮግራመሮችን ጠየቁ፤ ሴቶቹ 186 ብቻ ነበሩ። ከደረሱበት ነገር ጎልቶ የወጣው ፕሮግራመሮች እንቆቅልሽ መፍታት ይወዳሉ፣ ሰው ግን አይወዱም የሚል ነው። ኩባንያዎች ሠራተኛ የሚመርጡበትን ፈተና በዚህ ዓይነት መለኪያ ቀረጹት። ፈተናው የመረጣቸው ሰዎች መሥሪያ ቤቶቹን ሞሉ፤ ቀጣሪውም ዙሪያውን አይቶ ፕሮግራመር ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው አለ፤ ፂሙን ያልተላጨ፣ ብቻውን የሚቀመጥ ወንድ። መለኪያው መልክ ፈጠረ፤ መልኩም ተመልሶ መለኪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ባለው አለባበስ የገባች ሴት፣ አፏን ሳትከፍት፣ በቦታዋ ያልሆነች መሰለች።

ሎስ አንጀለስ፣ 1973

በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምስል ምርምር ክፍል ውስጥ አሌክሳንደር ሶቹክና ባልደረቦቹ ለአንድ ጥናት የሚሆን ፎቶ በጥድፊያ ይፈልጉ ነበር። የለመዷቸው የሙከራ ምስሎች ሰልችተዋቸዋል፤ የሰው ፊት ያለበት፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ነገር ይሻሉ። በዚህ መሐል አንድ ሰው የኖቬምበር 1972 ፕሌይቦይ መጽሔት ይዞ ገባ።

የመሐል ገጹን ፎቶ የላይኛውን ሲሶ ቀድደው ስካነሩ ሲሊንደር ላይ ጠቀለሉት። ስካነሩ በአንድ ኢንች 100 መስመር ያነባል። የፈለጉት 512 በ512 ነጥብ ያለው ምስል ስለሆነ ከላይ 5.12 ኢንች ብቻ ወሰዱ። ልኩ ሲቆረጥ የስዊድናዊቷ ሞዴል የሌና ፊት፣ ባዶ ትከሻዋና ላባ ያለው ባርኔጣዋ ቀረ፤ የቀረው ሰውነቷ ከክፈፉ ውጭ ሆነ።

ምስሉ ለሙከራ ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። የላባው ጭረት፣ የቆዳው ልስላሴና ከኋላ ያለው ጥላ ማንኛውንም የምስል ማሳነሻ ዘዴ ይፈትናሉ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ቅጂ ጠየቁ፤ ውጤታቸውን ከሌሎች ውጤት ጋር ለማወዳደር ያንኑ ምስል መጠቀም ግድ ሆነ፤ እንዲህ እያለ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በ1996 የአንድ ታዋቂ የምስል ጥናት መጽሔት አዘጋጅ ምስሉ ለምን እንደተወደደ ሲጽፍ ከቴክኒካዊው ምክንያት ቀጥሎ ሁለተኛውን በግልጽ አስቀመጠው፤ ምስሉ የቆንጆ ሴት ነው፣ አብዛኛው ተመራማሪ ደግሞ ወንድ ነው።

ወደዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገባ ተማሪ አስቡ። መምህሩ ስሌት ያስተምራል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ከወንዶች መጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። በ2015 አንዲት የቨርጂኒያ ተማሪ ይህንኑ ሁኔታ በዋሽንግተን ፖስት ላይ ጻፈችው፤ ምስሉ በተገለጠ ጊዜ ወንዶቹ ሲሳሳቁ እሷ ምን እንደተሰማት።

ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ 1984–1997

በአሜሪካ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከሚመረቁት ውስጥ የሴቶች ድርሻ በ1984 ወደ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፤ በ2010 አካባቢ 18 በመቶ ገደማ ላይ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የቤት ኮምፒዩተር በገበያ የወጣበት ጊዜ ነበር፤ ማስታወቂያው ወንድ ልጆችን ያሳያል፣ አባቶች ለወንድ ልጃቸው ይገዛሉ፣ ኮምፒዩተሩም ከወንድ ልጁ መኝታ ክፍል ይገባል። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ያጠኑት ጄን ማርጎሊስና አላን ፊሸር ሴቶቹ የሚወጡት ችሎታ አጥሯቸው ሳይሆን ዙሪያቸውን አይተው «ይህ ቦታ የኔ አይደለም» ብለው እንደሆነ አሳዩ። ዩኒቨርሲቲው አቀባበሉንና አስተምህሮውን ሲለውጥ በ1995 ከመቶ 7 የነበሩት አዲስ ገቢ ሴቶች በ2000 ከመቶ 42 ሆኑ።

በዚሁ 1980ዎቹ መሐል ካቲ ክላይማን የተባለች የሃርቫርድ ተማሪ የጥንት ኮምፒዩተር ፎቶዎች ስትፈትሽ የኤኒያክን ፎቶ አገኘች። ወንዶቹ ስም አላቸው። ሴቶቹ የላቸውም። እነማን ናቸው ብላ የኮምፒዩተር ታሪክ ያውቃል ወደተባለ ሰው ሄደች። የተሰጣት መልስ ሞዴሎች ናቸው የሚል ነበር፤ ለማስታወቂያ የፍሪጅ በር ከፍተው እንደሚቆሙት ሴቶች፣ ማሽኑ እንዲያምር ከጎኑ የቆሙ።

ክላይማን አላመነችም። ፈልጋ አገኘቻቸው። አንዳንዶቹ ያኔ በዕድሜ የገፉ ቢሆኑም በሕይወት ነበሩ፤ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካ አልረሱም። ድምፃቸውን ቀረጸች፤ ሥራዋ በኋላ ዘጋቢ ፊልም ሆነ። በ1997 ስድስቱም በቴክኖሎጂ ያሉ ሴቶች የክብር መዝገብ ውስጥ ገቡ፤ ከማሳያው ቀን 51 ዓመት አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ነገሩ እንዲህ ተገጣጥሞ፣ ሌና ወደ ቦስተን ተጋብዛ የምስል ተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ ተገኘች፤ ተሳታፊዎች ከጎኗ ቆመው ፎቶ ተነሱ።

ሳን ፍራንሲስኮ፣ 2010–2015

የባርቢ አሻንጉሊት ኩባንያ ማቴል በ2010 የቀጣዩን አሻንጉሊት ሙያ ሕዝቡ በድምፅ እንዲመርጥ ጠየቀ፤ ኮምፒዩተር ኢንጂነር አሸነፈ። ሮዝ ላፕቶፕና ሮዝ መነጽር ይዛ ወጣች። ሮዝ ቀለም ምን ያደርጋል? ምንም። ችግሩ የመጣው ከእሷ ጋር በወጣው የሕፃናት መጽሐፍ ነው። ባርቢ የጨዋታውን ሐሳብና ሥዕል ትሠራለች፤ ወደ እውነተኛ ጨዋታ ለመለወጥ ግን የሁለት ወንዶች እርዳታ ያስፈልጋታል። ላፕቶፗ በቫይረስ ሲያዝም የሚያድኗት እነሱ ናቸው። በ2014 ወላጆችና ፕሮግራመሮች ተቆጥተው ሲነሱ ማቴል ይቅርታ ጠይቆ መጽሐፉን ከገበያ አነሳ።

በመሐሉ ማሪሳ ሜየር ነበረች፤ የጉግል 20ኛ ሠራተኛና የመጀመሪያዋ ሴት ኢንጂነር፣ ከ2012 እስከ 2017 የያሁ ሥራ አስኪያጅ። በ2013 ቮግ መጽሔት ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በረጅም ወንበር ላይ ተዘቅዝቃ የተነሳችው ፎቶ ከያሁ ሒሳብ ይልቅ ብዙ አከራከረ። አንዳንዱ ራሷን አዋረደች አለ፤ ሌላው ያሻትን ብትለብስ ማን ይከለክላታል አለ። ሁለቱም ወገን የተነጋገረው ስለ ቀሚሱ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ በልቤ የቀረው የ2015ቱ ነው። ዋንሎግኢን የተባለ ኩባንያ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ በሳን ፍራንሲስኮ የባቡር ጣቢያዎች ለጠፈ፤ በፎቶው ላይ ያሉት የራሱ ሠራተኞች ናቸው። አንዷ የ22 ዓመቷ ኢንጂነር አይሲስ አንቻሊ ናት፤ ጥቁር ቲሸርትና መነጽር አድርጋለች። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ሰዎች ኢንጂነር ልትሆን አትችልም ይሉ ጀመር። ከሞዴል ኤጀንሲ የመጣች ነች፤ ኩባንያው ወንዶችን ለመሳብ ቆንጆ ሴት አቆመ አሉ።

ከማሽኑ አጠገብ ያሉት ሞዴሎች ናቸው። ለክላይማን የተሰጠው መልስ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተባለላት ሴት ወጣት ናት፣ አንደበትም አላት። አይሲስ አንድ ወረቀት ላይ መሐንዲስ እኔን ይመስላል የሚል ሐረግ ጽፋ ይዛ ፎቶ ተነሳች። በቀናት ውስጥ ከብዙ አገሮች ሴቶች የየራሳቸውን ፎቶ ከዚያው ሐረግ ጋር ለቀቁ። ሂጃብ የለበሱ፣ እርጉዞች፣ ሽበት ያላቸው፣ ሊፕስቲክ የተቀቡ፣ ዘይት በነካው ቱታ ያሉ። እያንዳንዷ ከፎቶዋ ሥር ስሟንና የምትሠራውን ጽፋለች።

ቦስተን፣ 2018–2024

በዚህ ሁሉ ዘመን ፈራጁ የሰው ዓይን ነበር። አሁን ፍርዱ ለማሽን ተላልፏል። ጆይ ቡኦላምዊኒ የተባለች የኤምአይቲ ተመራማሪ ፊትን የሚለይ ፕሮግራም ይዛ ስትሠራ ካሜራው የእሷን ፊት ማየት አቃተው። ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ግን ወዲያው አየ። ጭምብሉን ስታወልቅ ጠፋች፤ ስታደርግ ተገኘች።

ነገሩን አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ከትምኒት ገብሩ ጋር ሆና መረመረችው። ሁለቱ ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላት 1,270 ፎቶዎች ሰበሰቡ፤ ሩዋንዳ፣ ሴኔጋል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አይስላንድ፣ ፊንላንድና ስዊድን። ፎቶዎቹን ለማይክሮሶፍት፣ ለአይቢኤምና ፌስፕላስፕላስ ለተባለው የቻይና ኩባንያ ፕሮግራሞች ሰጡ። የተጠየቀው ቀላል ነገር ነው፤ ይህ ሰው ወንድ ነው ሴት? በ2018 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ነጣ ያለ ቆዳ ላላቸው ወንዶች ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት አንዷን ማሽኑ ይስታት ነበር፤ ያውም በአገራቸው ሸንጎ የተቀመጡትን።

ምክንያቱን የሌናን ታሪክ የተከታተለ ሰው ይገምተዋል። ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ነው። ከሚፈተንባቸው ሁለት ታዋቂ የፎቶ ስብስቦች ውስጥ በአንዱ 79.6፣ በሌላው 86.2 በመቶ የሚሆነው ፊት ነጣ ያለ ቆዳ ያለው ነበር። በ1973 የተቀደደችው አንዲት ገጽ ስትመረጥ ማን ይታያል የሚለውን የወሰኑት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ አርባ አምስት ዓመት ቆይቶም ወሳኞቹ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ናቸው። ትምኒት አስቀድማ ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከረድኤት አበበ ጋር «ብላክ ኢን ኤአይ» የተባለውን ማኅበር በ2017 የመሠረተችው በዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እንዲለወጥ ነው።

ኩባንያዎቹ ፕሮግራሞቻቸውን አሻሻሉ፤ በ2020 አይቢኤም ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚሸጠውን የፊት መለያ ሥራ እንደሚተው አስታወቀ።

ሌና በ2019 በአንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቀርባ ነበር። ሞዴልነትን ከተወች ብዙ ዘመን እንዳለፋት፣ አሁን ደግሞ ከቴክኖሎጂው ጡረታ መውጣት እንደምትፈልግ ተናገረች። የዓለም የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከሚያትሙባቸው ትልልቅ ተቋማት አንዱ የሆነው የአይትሪፕልኢ የኮምፒዩተር ማኅበር ያንን ምስል የያዘ አዲስ ጥናት ከኤፕሪል 1፣ 2024 ጀምሮ አልቀበልም አለ። ካሜራው ፊት ስትቆም 21 ዓመቷ ነበር፤ ጥያቄዋ ሲመለስላት 73።